«ውሻው አልተገኘም» ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የእንስሳት ቁጥጥር ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራውን ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች እንይዛለን፣ ሰው ነከሰ የተባለን ውሻ ፈልገን ለክትትል እናስገባለን፣ እንስሳ ተደበደበ ወይም ታስሮ ተረሳ የሚል ጥቆማ ሲመጣም ሄደን እናያለን። የገባሁበት ከልጅነቴ ጀምሮ እንስሳ ስለምወድ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ስሜ «ውሻ ገዳይዋ» ሆኗል። ልጆች መኪናችንን ሲያዩ ውሾቻቸውን እየጎተቱ ይደበቃሉ። ታላቅ ወንድሜ እንኳ ሰው ሲጠይቀው «ቢሮ ነው የምትሠራው» ብሎ ያልፋል።

አሁን የምጽፍልዎ ግን በአንድ ውሻ ምክንያት ነው። ከቤታችን አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉ፤ እማማ ነው የምላቸው። እናቴ ሥራ ስትውል ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል፤ የቀራቸው ቡቺ ነው። ከትናንት በስቲያ የግቢያቸው በር ገርበብ ብሎ ነበርና አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ኳሱን ሊያነሳ ገባ። ቡቺ አጥንት እየጋጠ ነበር፤ ልጁ በላዩ ሲያልፍ ባቱን ነከሰው። እናቱ ወዲያው ሐኪም ቤት ወስዳዋለች። ልጁ ሰው ግቢ መግባቱ እንዳይታወቅበት ፈርቶ «መንገድ ላይ ነው የነከሰኝ፣ ቡናማ ውሻ ነው» ብቻ ብሏል።

ጥቆማው መሥሪያ ቤታችን ደረሰ። ሰፈሩን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ፋይሉ ለእኔ ተመራ። በዚያው ማታ እማማ ጠሩኝ። ቡቺን ጓዳ ዘግተውበታል። እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ደግፌ ያዝኳቸው። «አንቺ ልጄ ነሽ፤ አትውሰጂብኝ። ጠፋ በይልኝ» አሉኝ። የክትባቱ ጊዜ ካለፈ ሁለት ዓመት እንደሆነው ያወቅሁት ያኔ ነው። «መድኃኒቱን አምጪና ውጊልኝ፤ ወረቀቱ ላይ ቀኑን ወደ ኋላ አድርጊው» ብለውም ለመኑኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እየሄድኩ አየዋለሁ፤ የሚበላውንም የማቀርብለት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ፎርሙን አውጥቼ «ውሻው አልተገኘም» ከሚለው መስመር ጋር ተፋጥጬ ተቀመጥኩ። ምልክቱን አላደረግሁም፤ እውነቱንም አልጻፍኩም። ሪፖርት ካደረግሁ ቡቺ መጠለያችን ይገባል፤ እዚያ የገባ ውሻ መጨረሻው ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በእጄ ያስገባኋቸው በመርፌ ሲሞቱ አይቻለሁ። ሌሊት ዓይናቸው ይመጣብኛል። ባልደረባዬ «ይለመዳል» ይለኛል፤ እኔ ግን እየባሰብኝ ነው። እማማን ልካድ? ልጁን ልካድ? ወይስ ሥራውን ትቼ ልገላገል?

ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ ያለ

መልስ፦

(ይህ ደብዳቤ እስኪታተም የሚቆይ አይደለም። መልሱ ለጸሐፊዋ በዚያው ዕለት ተልኮላታል፤ እዚህ የወጣው በፈቃዷ ነው።)

እህቴ፣ ስለ አንቺ ብዙ የምለው አለኝ፤ ግን መጀመሪያ ስለ ልጁ ልጠይቅሽ። እናቱ ሐኪም ቤት ወስዳዋለች ብለሻል። ክትባቱ ተጀምሮለታል? ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦለታል? ይህን ከእኔ አሳምረሽ ታውቂዋለሽ፤ የምደግመው ሰው ሲጨነቅ የሚያውቀውንም ስለሚዘነጋ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት በሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በጊዜ የተጀመረ ሕክምና ግን ያድናል። ስለዚህ የውሻው ነገር እስኪለይ ልጁ ይጠብቅ የሚባል ነገር የለም። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለእናትየው ደውይላት። ሕክምናው ተጀምሮ እንደሆነ፣ የቀጠሮውን ቀን ታውቅ እንደሆነ ጠይቂያት። ይህን ለማድረግ ስለ ቡቺ ገና ምንም መወሰን አይጠበቅብሽም።

ደወልሽ? እንግዲህ ወደ ቡቺ እንምጣ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ቦታ ላይ እቆማለሁ፤ ሪፖርት ካደረግሁ ውሻው ይሞታል የምትይው ላይ። የቀረው ጭንቀትሽ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። እስቲ ቀስ ብለሽ አስቢው፦ መጠለያችሁ ውስጥ በመርፌ ከሞቱት ውሾች ውስጥ ስንቶቹ ናቸው በሩ ላይ መጥቶ «ውሻዬ እንዴት አደረ?» የሚል ሰው የነበራቸው? ግምቴ ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት ጠያቂ ያልነበራቸው፣ ቦታ ሲጠብ ተራ የደረሳቸው ይመስለኛል። ቡቺ ግን ባለቤት አለው። የደከመ ሰው ያየውን ሞት ሁሉ ገና ባልሆነው ላይ ይደርበዋል፤ አንቺም ሦስት ዓመት ያከማቸሽውን ሐዘን በአንድ ውሻ ላይ የጫንሽው መስሎ ይታየኛል።

ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሰው ሲነክስ ለ10 ቀን ተለይቶ የሚጠበቀው ለቅጣት አይደለም። ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ ገብቶ ሰው ላይ ለማስተላለፍ የደረሰ ውሻ በ10 ቀን ውስጥ መታመሙ አይቀርም፤ ይሞታልም። 10ሩን ቀን በጤና ካለፈ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ለልጁም ለቡቺም ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለም። አጥንት እየጋጠ ሳለ በላዩ የታለፈ ውሻ መንከሱ ለብቻው የሕመም ምልክት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ያ ግን ግምት ነው፤ ሐኪም በግምት የልጅ ክትባት አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ውሻው ታይቶ፣ ቀኑ ተቆጥሮ፣ ጤነኛ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ቡቺ «ካልተገኘ» ልጁ የቀሩትን መርፌዎች በሙሉ መውሰዱ አይቀርም።

ሌላም ነገር አለ። ሰው የእብድ ውሻ በሽታ ሲባል የሚያስበው አፉ አረፋ ደፍቆ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ ነው። አንዳንዱ ግን ጭራሽ ይፈዛል፤ መንጋጋው ይላላል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ጨለማ ፈልጎ ይተኛል። ጓዳ ውስጥ የተዘጋበት ውሻ ዝም ቢል፣ በሐዘን ይሁን በፍርሃት ይሁን በሕመም ማን ያውቅለታል? እማማ «ተቀይሞኝ ነው» ይላሉ። አንቺ ሥራሽን ታውቂያለሽ፤ ግን ማታ ማታ በድብቅ፣ በችኮላ ነው የምታይው። መደበቁ እንኳን ለልጁ ለቡቺም አልበጀውም። ደግሞስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎረቤት ቢጠቁምስ? ያኔ ቡቺ «ሰው ነክሶ የተሰወረ ውሻ» ይሆናል፤ እማማ ያሸሹ ይባላሉ፤ አንቺ ደግሞ ስለ እሱ ልትናገሪለት የምትችይበት አፍ አይኖርሽም።

ስለ ክትባቱ። መርፌው ዛሬ ቢሰጠው ከትናንት በስቲያ የሆነውን ወደ ኋላ አይመልስም። በክትትል ላይ ያለ ውሻም ብዙ ጊዜ ቀኑ እስኪያልቅ አይከተብም፤ ክትባቱ ራሱ ለአንድ ሁለት ቀን ቢያፈዝዘው ከበሽታው ምልክት ጋር ይምታታል። ክትባቱ ለዐሥራ አንደኛው ቀን ይቆይ። ቀኑን ወደ ኋላ መጻፍ የሚሉት ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ እማማ ቢያለቅሱም አይሆንም። ያንን ወረቀት አምኖ የልጁን ሕክምና የሚመዝን ሐኪም አለ። አንድ ነገር ግን ልታደርጊላቸው ትችያለሽ፦ የድሮውን የክትባት ወረቀት ፈልገሽ አውጪላቸው። ጭራሽ ተከትቦ የማያውቅ ውሻና ጊዜው ያለፈበት ውሻ በብዙ ቦታ እኩል አይታዩም። ምናልባት ከምስክር ወረቀቶችና ከፎቶግራፎች ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ተቋጥሮ ይሆናል፤ የአረጋውያንን ቤት አውቀዋለሁ።

ሪፖርቱ ይጻፍ ማለቴ ግን ፋይሉን አንቺ ያዢው ማለቴ አይደለም። ነገ ጠዋት አለቃሽ ዘንድ ግቢና በአጭሩ ንገሪው፦ «ውሻው ተገኝቷል። ባለቤቱ እንደ እናቴ ናቸው። ሁለት ቀን ያመነታሁት በዚህ ምክንያት ነው። እባክህ ለሌላ ሰው ስጥልኝ፤ የማውቀውን ሁሉ እነግረዋለሁ።» ይህን ስትይ መቆጣቱ አይቀርም ይሆናል። ሁለት ቀን መዘግየት ግን በሐሰት ከተሞላ ፎርም ጋር አይወዳደርም፤ ዛሬ መመለስ ትችያለሽ። ፋይሉን መልቀቅሽ ደግሞ እማማን ለመርዳት ነጻ ያወጣሻል። በመያዣ ዘንግ ጎትተሽ የምትወስጂባቸው አንቺ ካልሆንሽ፣ አጠገባቸው ቆመሽ እጃቸውን የምትይዢው አንቺ መሆን ትችያለሽ።

ለተረካቢው ባልደረባሽ ስለ ቤት ክትትል አንሺለት። በብዙ ቦታ ውሻው ጤነኛ ከሆነ፣ ግቢው በደንብ የሚዘጋ ከሆነና ባለቤቱ ከታመነ 10ሩን ቀን በቤቱ እንዲያሳልፍ ይፈቀዳል፤ ባለሙያ እየመጣ ያየዋል። የክትባቱ ጊዜ ማለፉና የልጁ መነከስ ነገሩን ያከብደው ይሆናል፤ የእናንተን ደንብ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። ካልተፈቀደም እማማ መጠለያው ሄደው እንዲያዩት፣ የሚተኛበትን ጨርቅ እንዲወስዱለት ጠይቂ።

ከሁሉም የሚከብድሽ ዛሬ ማታ እማማ ፊት መቀመጡ ነው። ፎርሙን ይዘሽ አትሂጂ፤ የሥራ ልብስሽንም አውልቂ። አንቺ ያልሽው ሳይሆን እሳቸው የሚሉት ይቅደም፤ ስለ ቡቺ ያውሩልሽ፣ ያልቅሱ። ከዚያ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «እማማ፣ ልጅዎ ስለሆንኩ ነው እውነቱን የምነግርዎ። ቡቺ ጤነኛ መሆኑን ማሳየት የምንችለው ሰው ሲያየው ብቻ ነው። ከደበቅነው ሁልጊዜም ልጅ ነክሶ የጠፋው ውሻ ነው። እኔ እንዳልወስደው ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። እርስዎን ግን 10ሩንም ቀን አልለይዎትም።» እንደ አነጋገርሽ አድርጊው፤ ቃሌን መድገም የለብሽም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ «ምንም አይሆንም» አትበያቸው። ይህ በእጅሽ ያለ ነገር አይደለም። ቡቺ በእነዚህ ቀናት ውስጥ የበሽታው ምልክት ካሳየ አይተርፍም። ይህን ካሁኑ ሳይሰሙ ቢቀሩና ነገሩ ቢከፋ፣ ሐዘናቸው ላይ ክህደት ትጨምሪበታለሽ።

እምቢ ቢሉስ? ሪፖርቱ ይቀጥላል። አንቺ ግን ሳይሰሙ ከኋላቸው አታድርጊው፤ ነገ ጠዋት እንደምትናገሪ ዛሬ ማታ ይወቁት። ምናልባት ለጥቂት ጊዜ በራቸውን ይዘጉብሻል። ያሳደገ ሰው ሲቀየም እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ፤ ይህን ላቀልልሽ አልችልም። ግን የዚያን ልጅ እናት አስቢ፤ በየቀጠሮው ልጇን ይዛ ስትመላለስ፣ ሌሊት ግንባሩን እየዳሰሰች ስታድር። የአንቺ አንድ ቃል የእሷን ጭንቀት ሊያሳጥር ይችላል። እማማ ይህችን ሴት በዓይናቸው ቢያዩዋት ራሳቸው የሚናገሩ ይመስለኛል። ከተስማሙ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ይቅርታ ይጠይቁ። ልጁም ግቢ መግባቱን ሳይፈራ እንዲናገር ያግዘዋል።

አሁን ስለ አንቺ። «ይለመዳል» ያለሽ ባልደረባ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ራሱን እንዴት እንዳቆየ ነው የነገረሽ። እኔ ግን አልስማማም። በእንስሳት መጠለያ የሚሠሩ ሰዎችን ሁኔታ ያጠኑ ተመራማሪዎች የሚጽፉት አንቺ ከጻፍሽው ጋር ይመሳሰላል፦ እንስሳ ስለሚወድ ወደ ሥራው የገባ ሰው፣ የሚንከባከበውንና የሚሞተውን አንድ እጅ ላይ ሲይዝ የሚደርስበት ስብራት። ዓይናቸው ሌሊት የሚመጣብሽ ልብሽ ስለላላ አይደለም። እስኪለመድ ብሎ መጠበቅ የሚያመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ መደንዘዝን ነው፤ የደነዘዘ ሰው ታስሮ የተረሳውን ውሻም አያይም።

ሥራውን ልተው ወይ ላልሽኝ፣ እነዚህ 10 ቀናት ሳያልፉ አትወስኚ። ዛሬ ብትለቂ ከሥራው ሳይሆን ከእማማ ዕንባ ነው የምትሸሺው፤ ያ ደግሞ በመልቀቂያ ደብዳቤ አይፈታም። ከዚያ በኋላ ግን ተረጋግተሽ ራስሽን ጠይቂ፦ የሚያሳምምሽ የትኛው ሰዓት ነው? መያዙ ነው? የመርፌው ክፍል ነው? የሰዉ አፍ ነው? መልሱ የተለያየ መንገድ ያመለክታል። መርፌው ከሆነ፣ ተራው በሁሉም ሰው መካከል እንዲዘዋወር፣ ውሻውን ያስገባው ሰው ራሱ አብሮ እንዳይቆም መጠየቅ ትችያለሽ። የሰዉ አፍ ከሆነ ደግሞ ወደ ክትባት ዘመቻውና ወደ ትምህርቱ ክፍል መዛወር እንደሚቻል ጠይቂ፤ እዚያ ልጆች ውሾቻቸውን ይዘው ወደ አንቺ ይመጣሉ። ቅዠቱ ከቀጠለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለሽ፣ ለአእምሮ ጤና ባለሙያ መንገር ያስፈልግሻል። ይህን ለነገ አታቆዪው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም። ምናልባት የሚያስጨንቅሽ ነገር ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ትክክለኛ ሙያዊ ጥርጣሬም ሊሆን ይችላል። ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞትበት ይገመታል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መግደልን አይደለም፤ ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብን ነው። በጅምላ ሲገደሉ የተከተቡትም አብረው ይሄዳሉ፤ ቦታቸውን ያልተከተቡ ቡችሎች ይሞሉታል። ይህን አንቺ በየቀኑ ታይዋለሽ። መሥሪያ ቤታችሁ ሥራውን የሚለካው በተያዘ ውሻ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ የተከተበውና ወደ ባለቤቱ የተመለሰውም እንዲቆጠር አንድ ገጽ ሐሳብ ጽፈሽ አቅርቢ። የቡቺ ታሪክ ራሱ ማስረጃ ይሆንሻል፤ ክትባቱ ጊዜውን ጠብቆ ቢሰጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ጭንቀት ምን ያህል በቀለለ።

ወንድምሽን ለጊዜው ተዪው። አንድ ቀን ቆንጆ ጊዜ ሲገኝ አብሮሽ መጠለያው ይምጣ፤ አይቶ ይናገር።

ዛሬ ማታ ስትሄጂ ጓንትሽን አትርሺ። ቡቺን ማታ ማታ ስታበይ በባዶ እጅሽ ነበር? ቅድመ መከላከያ ክትባቱንስ ወስደሻል? የወሰደ ሰውም ቢሆን ከተነከሰ ወይም ምራቁ ቁስል ከነካው ተጨማሪ መርፌ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ጭረት ካለሽ ለሐኪም አሳዪ። እማማንም ጠይቂያቸው። ጓዳ ሲያስገቡት ታግሏቸው ይሆናል፤ የአረጋዊ ቆዳ በትንሹ ይላጣል፣ እሳቸው ደግሞ ቡቺን ላለማሳጣት ሲሉ አይናገሩም። እጃቸውን ተቀብለሽ በመብራት እይው፤ ምልክት ካለ በሳሙናና በውሃ አጥበሽ ነገ በጠዋት ሐኪም ዘንድ አብረሻቸው ሂጂ፤ ወደ አለቃሽ ከዚያ ትደርሻለሽ።